ሰሜን ተራሮች ስንወጣ፡ «ሀገሬ ነው» ማለት ፈቃድ አይደለም

(ከጥምቀት በኋላ ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጣው ግሩፕ የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ጻፈው ስላላችሁኝ ከድምጽ ቅጂው ገልብጬ፣ የተደጋገመውን ቀንሼ አስቀምጬዋለሁ፣ አወራሬን ግን አልነካሁትም።)

እሺ፣ ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። ስለ ውበቱ አላወራም፣ ፎቶውን አይታችሁ ነው የተመዘገባችሁት። የጫማና የጃኬቱም ዝርዝር ተልኮላችኋል፣ እሱን አንብቡ። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ጸባይ ነው፣ ማለቴ እኛ ሀበሾች እዛ ስንወጣ ስለምናመጣው ጸባይ። ፈረንጁ ስካውቱ፣ ማለት አብሮን የሚሄደው ጠብመንጃ ያዥ የፓርኩ ጠባቂ፣ «ከዚህ አትለፍ» ሲለው ቋንቋው ባይገባውም ይቆማል፣ የኛ ሰው ግን ደረቱን ነፍቶ «ሀገሬ ነው እኮ፣ ማን ነው የሚከለክለኝ?» ይላል። ሀገርህማ ነው፣ ማን ካደህ። ግን ያ ፓርክ ዛሬ ድረስ የቆየው ከኔና ከናንተ በላይ «ሀገሬ ነው» ማለት የሚችሉ ሰዎች ለቀውለት ስለወጡ ነው፣ እና እሱን ሳታውቁ ባትወጡ ደስ ይለኛል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ነው በህግ የተቋቋመው። ከዛ በፈረንጆቹ 1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከ12ቱ ሁለቱ የኛ ነበሩ፣ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች። ይሄን ሁላችንም በኩራት እናወራዋለን፣ የማናወራው ግን በፈረንጆቹ 1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ መግባቱን ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ 21 ዓመት ነው የተቀመጠው። ዋልያው እየተመናመነ፣ ቀይ ቀበሮው እየጠፋ፣ ከብቱ ሳሩን ከስር እየጋጠ፣ እርሻው ገደል አፋፍ ድረስ እየገፋ፣ በመሃሉ የመኪና መንገድ እያለፈ፣ በቃ ሊያልቅ ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ነው ከመዝገቡ የወጣው። እንዴት ወጣ ስትሉ ብዙ ነገር ተሰርቷል፣ ትልቁ ግን የግጭ ነገር ነው። ግጭ ፓርኩ መሃል የነበረ መንደር ነው፣ በመቶ የሚቆጠር አባወራ ነበረበት፣ እነሱ ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ካሳው ይበቃል አይበቃም ሌላ ወሬ ነው፣ እኔ በበኩሌ እድሜ ልኩን ገብስ ሲዘራና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ውስጥ መሬት የለው በሬ የለው በካሳ ብር ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው አይዋጥልኝም። ግን ወጡ። ዛሬ ግጭ ካምፕ ስታድሩ ሜዳው በሙሉ ጓሳ ለብሶ ነፋሱ ሲያስተኛው ታያላችሁ፣ ያ ሳር እንደዛ የተመለሰው ከብቱ ከወጣለት በኋላ ነው።

እና እሱ ሰውዬ አባቱ ያረሰበት ቦታ ላይ ዛሬ በጉን ይዞ መግባት አይችልም። እኔ ታዲያ ስፒከር ይዤ፣ ከሰል ይዤ፣ ለሁለት ሌሊት የመጣሁት «ሀገሬ ነው» ልበል? ያሳፍራል እኮ።

ወደ ዝርዝሩ ልግባ። መጀመሪያ የምታገኙት ጭላዳ ነው፣ ቡይት ራስ አካባቢ መንገድ ዳር ድረስ ይመጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የለም፣ ምግቡም በአብዛኛው ሳር ነው፣ ሳር ግጦ የሚያድር የዝንጀሮ ዘር ከሱ ሌላ አልቀረም። ሰው ለምዷል፣ ራቅ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ በጣቶቹ ሳሩን ጭብጥ ጭብጥ እያደረገ እየነጨ ራሱ ይጠጋችኋል፣ ሲነጨው ድምጹ ሁሉ ይሰማል። አንድ ቀን እዛው ሚኒባስ ቆሞ ልጆች ወርደው መንጋው ዳር ተቀምጠዋል፣ ጥሩ ተቀምጠዋል፣ አንዷ ግን ብስኩት ፈታ ዘረጋች። ስካውቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ጠብመንጃውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀስ ብለው መጡና «ልጄ፣ እባክሽ መልሽው» አሏት። «ጋሼ፣ አንድ ብስኩት ምን ያደርገዋል?» አለች። «እሱንማ ምን ያደርገዋል፣ ነገ የኔን ገብስ ያስበላኛል እንጂ» ብለው አለፉ። ሁሉም ነገር እዛ ውስጥ አለ። የሰው ምግብ የቀመሰ ጭላዳ ሳር መንጨት ይሰለቸዋል፣ ድንኳን ይከፍታል፣ ማሳ ይወርዳል፣ ማሳ ሲወርድ ገበሬው በድንጋይ ይጠብቀዋል፣ እናንተ ያኔ ቦሌ ናችሁ። ደግሞ አንድ ነገር፣ ትልቁ ወንድ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ እየሳቀ አይደለም፣ ሂድልኝ ማለቱ ነው፣ ሰልፊውን ትታችሁ ራቁ። ያ ክራንቻ የነብር ነው የሚመስለው።

ዋልያ ለማየት ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ነው፣ ጠዋት በማለዳ ወይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። እዚህ ላይ ቶሎ ልለፍ፣ መንገዱን ለቃችሁ ለፎቶ አትከተሉት፣ ዋልያ ሲሸሽ ወደ ገደል ነው የሚወርደው፣ እናንተ መውረድ አትችሉም። ከኮቪድ በኋላ ጦርነት መጣ፣ ከዛም የክልሉ ጸጥታ፣ ጥበቃው ሲላላ የዋልያ ቁጥር ወርዷል። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ሀገር ምድሩ ይናደዳል፣ እንስሳው ሲያልቅ ግን ዜናም አይሆን።

አሁን ብዙ ሰው የማያገናኘውን ነገር ልንገራችሁ፣ የተረፈ ምግብና የቀይ ቀበሮ ነገር። ካምፕ ላይ በግ ይታረዳል ወይ ጥብስ ይሰራል፣ አጥንቱ እዛው ይጣላል፣ «አውሬ ይበላዋል» ይባላል። አውሬ አይደለም የሚመጣው፣ ውሻ ነው። ከታች ከመንደሩ ውሻ ሽታውን ተከትሎ ይወጣል፣ ምግብ ካገኘ እዛው ይከርማል፣ ውሻው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚጨርሰው ጥይት አይደለም፣ ይሄ ነው። ባሌ ላይ በፈረንጆቹ 2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ተላልፎ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኛዎቹን ነው የጨረሰው። በመላው ኢትዮጵያ፣ ማለትም በመላው ዓለም፣ የቀሩት ትልልቆቹ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሰሜን ላይ ደግሞ ከዛ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው ያሉት። ስለዚህ አጥንቱን ቋጥራችሁ ይዛችሁት ውረዱ። የብርቱካን ልጣጩንም ጭምር። «እሱ እኮ ይበሰብሳል» የምትሉኝ አላችሁ፣ አዎ አዲስ አበባ ጓሮ ላይ ይበሰብሳል፣ 3,600 ሜትር ላይ ግን ሌሊት ሌሊት ውርጭ ነው፣ መበስበስ ራሱ ይዘገያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትመጡ ልጣጫችሁን ታገኙታላችሁ።

ከምግብ ሳንወጣ፣ ምስርና ባቄላ ጥሬውን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ይፈላል ግን አይበስልም፣ ጋዙ ያልቅና «ትንሽ እንጨት እንልቀም» ይመጣል፣ እዛ ጋ ነው ጥፋቱ የሚጀምረው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ እነዚህን ያዙ። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲሄዱ ስንቃቸው ይሄ ነበር፣ ምክንያት ነበራቸው።

እንጨት ስል፣ እሳቱን አሁኑኑ እንጨርሰው። ካምፕፋየር የለም። አውቃለሁ፣ ግማሾቻችሁ የመጣችሁት እሳት ዙሪያ ተቀምጦ ጊታር ለመምታት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። እዛ ላይ ያለው እንጨት አስታ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ክንድ ካከለ ከብዙዎቻችሁ እድሜ ይበልጣል፣ አንድ ማታ ለፎቶ ይነዳል ያልቃል። ከጥር በኋላ ደግሞ ጓሳው እየደረቀ ነው የሚሄደው፣ የደረቀ ጓሳ ላይ አንዲት ፍንጣሪ ከነፋስ ጋር ከገባች ማንም አያቆማትም። በ2011 ዓ.ም መጋቢት ላይ ፓርኩ ሲቃጠል ታስታውሱ ይሆናል፣ ጠፋ ሲባል ሚያዝያ ላይ እንደገና ተነሳ፣ የአካባቢው ህዝብ ቅጠልና አፈር ይዞ ገደል ለገደል ሲሯሯጥ ሰነበተ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ድረስ መጥተው ነው የተረባረቡት። ገደሉ ውስጥ የገባን እሳት በእግር ሄዶ ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ይገባችኋል። ሲጋራ የምታጨሱም ቁራጩን በቆርቆሮ ይዛችሁ ተመለሱ፣ በጫማ ረግጬዋለሁ አይሰራም። ብርድ ለሚፈራ ሰው መፍትሄው ጥሩ ስሊፒንግ ባግና ካልሲ ነው። ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት የውሃ እቃችሁን ስትነቀንቁት በረዶው ውስጡ ሲንኳኳ ትሰማላችሁ፣ ድንኳኑም በውስጥ በኩል የትንፋሻችሁ እንፋሎት ውርጭ ሆኖ ይለጠፍበታል፣ ስትነሱ አንገታችሁ ላይ ይራገፋል።

«ብርዱን በአረቄ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ፣ አትሳቁ። አረቄ ቆዳችሁን ያሞቀዋል፣ ውስጣችሁን ግን ያቀዘቅዘዋል፣ ውሃችሁንም ይጨርሳል፣ ከሁሉ በላይ የከፍታ ህመም ሲጀምራችሁ ስካር ነው ብላችሁ ትተኛላችሁ። የከፍታ ህመም ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች «እኛ ለምደናል» እንላለን፣ ትንሽ ይረዳል እውነት ነው፣ ግን በመኪና ቀጥታ ጨነቅ ወጥቶ በማግስቱ ቧሂት ተራራ ላይ፣ 4,430 ሜትር ላይ መቆም ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃ በር የምናድረው፣ እሱ 3,250 ገደማ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው ደንቡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አልገባ ማለት ከጀመራችሁ ንገሩኝ፣ ጀግና መሆን የለም። እረፍት ወስዶ ካልተሻለው ወደ ላይ አይቀጥልም። ሰው እየተራመደ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወይ ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው፣ ጠዋት እናያለን አይባልም። ኔትወርክ ደግሞ ቦታ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ማንም ብቻውን ከግሩፑ አይለይ። አንድ ሰው ህመም ተሰምቶት ሳይናገር ቢቀር ሸክሙ የሚወድቀው ስካውቱና በቅሎ ነጂው ላይ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ተሸክመው የሚወርዱት እነሱ ናቸው።

እነሱን ካነሳሁ አይቀር። ደባርቅ ጽህፈት ቤቱ ጋ መግቢያ እንከፍላለን፣ ደረሰኝ እንቀበላለን፣ ስካውት ይመደብልናል፣ ስካውት ደግሞ ግዴታ ነው። «እኛ ብዙ ነን፣ ምን ያደርግልናል፣ ቅናሽ አድርጉልን» እያልን በር ላይ አንከራከር፣ እኔ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። አንድ ሰው የ10 ሺህ ብር ጫማ አድርጎ ከስካውት አበል ላይ ሲከራከር አይቼ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነው ያልኩት። ስካውቱ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ጋቢና ጠብመንጃ ነው፣ እናንተ ዚፕ ዘግታችሁ ስትተኙ እሱ ውጪ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ስንቅ ይዘሃል ወይ፣ የምታድርበት አለህ ወይ ብለን እንጠይቃለን፣ ለነሱ ተጨማሪ ድንኳን እኔ ይዣለሁ፣ ምግብ ስንሰራ ለነሱም እንሰራለን፣ ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ጾም መሆኑን አትርሱ፣ ስጋ ዘርግታችሁ «ብሉ እንጂ» ማለት ጨዋነት አይደለም። በቅሎዎቹን ከመጠን በላይ አንጭንም፣ ጀርባዋ የቆሰለች በቅሎ ከመጣች ቅያሪ እንጠይቃለን፣ ነጂውን ሳንቆጣ። ጉርሻውን ለአንድ ሰው ሰጥቶ «ተካፈሉ» ማለትም ይቅር፣ ለእያንዳንዱ በእጁ ይሰጠው።

ለምን ይሄን ያህል አጠበቅኩት መሰላችሁ፣ የፓርኩ ጥበቃ የሚቆመው በዚህ ብርም ጭምር ነው። ሰው መምጣት ባቆመባቸው ዓመታት በቅሎ ነጂውም ወጥ ቤቱም ያለ ገቢ ነው የተቀመጠው፣ ጎብኚ ካልመጣ ደግሞ ገበሬው ለዋልያው ቦታ ልቀቅ ሲባል «ምን አገኝበታለሁ?» ቢል ምን ብለህ ትመልስለታለህ?

መንገድ ላይ ህጻናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ መኪናውን ይከተላሉ፣ ባዶ ፕላስቲኩን ለውሃ ማመላለሻ ነው የሚፈልጉት። ከመስኮት አትወርውሩላቸው። አንደኛ ልጅ ከጎማ ስር ይገባል፣ ሁለተኛ ከረሜላና ብር መንገድ ላይ ከተገኘ ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሆን መንገድ ዳር ነው የሚውለው። እረኛ ልጆች ከሳርና ከጸጉር የሰሩትን ባርኔጣና ቅርጫት የሚሸጡ አሉ፣ እሱን ግዙ፣ በደንብ ግዙ፣ ዋጋ አታዋርዱ። ደብተር መስጠት የምትፈልጉ ካላችሁ ደባርቅ ላይ ለትምህርት ቤት በርዕሰ መምህሩ በኩል እንሰጣለን።

ሌላውን ሩጫ ላድርገው። ስፒከር አይገባም፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን ገደሉ ላይ አጥንት ሰባሪው አሞራ ጎጆ ስላለው ስካውቱን ይጠይቅ። እሜት ጎጎ የሚባለው ገደል ጫፍ ላይ እግር አንጠልጥሎ ፎቶ የለም፣ ነፋሱ ድንገት ነው የሚነሳው። ጅባራውን አትደገፉት፣ ቢላም አታሳርፉበት፣ ያ ተክል ብዙ ዓመት ቆይቶ በህይወቱ አንዴ አብቦ ነው የሚሞተው። እቃና ጸጉር ወንዝ ውስጥ በኦሞ አይታጠብም፣ ውሃ በጀሪካን ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ ታጠቡ፣ ከታች የሚጠጣው ሰው አለ። ለመጠጥ ወይ አፍሉት ወይ ውሃ አጋር ጨምሩበት። መጸዳጃ ካምፑ ላይ አለ፣ መንገድ ላይ ከያዛችሁ ከውሃ ርቃችሁ ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ሶፍቱን ግን በላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ፣ አትቅበሩት፣ ቁራ ያወጣዋል።

ጥያቄዎች ነበሩ፣ ሦስቱን ልጻፋቸው።

አንዷ ልጅ «ጸጥታው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ከመነሳታችን በፊት ባለው ሳምንት ደባርቅ ካለው ጽህፈት ቤትና እዛው ካሉ አስጎብኚዎች አጣራለሁ፣ ካልሆነ አንሄድም፣ ብራችሁ ይመለሳል፣ «ሰው እየሄደ ነው አሉ» በሚል ወሬ ግሩፕ አላንቀሳቅስም።

አንዱ «ራስ ዳሸን ካልወጣሁ ምኑን ሄድኩት?» አለ። ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ነው፣ ከጨነቅ ሸለቆውን ወርዶ እንደገና መውጣት ነው፣ በኛ ፕሮግራም አይደረስም። ለብቻው ሌላ ጉዞ እናዘጋጅለታለን። ተሯሩጦ ወጥቶ መውረድ የሚፈልግ ሰው ከኛ ጋር ባይመጣ ይሻላል፣ ይሄን ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም፣ በቅሎዎቹም ሰዎቹም በዛ ፍጥነት አይሄዱም።

የመጨረሻው «የስኳር መድሃኒት እወስዳለሁ፣ መምጣት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነበር። ሐኪምህን አማክር፣ ከፍታውን ቁጥሩን ጠቅሰህ ንገረው፣ ኢንሱሊን ከሆነ ደግሞ ሌሊት እንዳይረጋ ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ፣ ሰውነትህ ጋ አድርገህ ነው የምታድረው። ሌሎቻችሁም የልብም የአስምም መድሃኒት የምትወስዱ ካላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በውስጥ ጻፉልኝ።